ሃይሉክስ 20 ኩንታል በተሳቢ ደንገጎን ያወጣል ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለህ፣ 2.5 ናፍጣ። እዚሁ ድሬ አንድ በያጅ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሠርቶልሃል፤ አክስሉ ከአሮጌ ፒክአፕ የተነሳ ነው። ከድሬ ሲሚንቶ ጭነህ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረማያ ልትወጣ፣ ስትመለስ ድንች ልትጭን አስበሃል። "20 ኩንታል ይጎትታል ወይ? ጓደኞቼ ምንም ችግር የለውም ይሉኛል" ነው ያልከው።

ይጎትታል። ጓደኞችህ አልዋሹህም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ታግሰህ፣ ደንገጎን ትወጣዋለህ።

ግን የጠየቅከው ግማሹን ነው። መውጣት የሞተር ጉዳይ ነው። ሞተር ሲያቅተው ይግላል፣ ይቆማል፣ ቢከፋ ፍሪሲዮን ይበላል፤ ገንዘብ ነው፣ ይተካል። መውረድ የፍሬን ጉዳይ ነው። ፍሬን ሲያቅተው ምን እንደሚመጣ ደንገጎን አንዴ የወረደ ሰው ሁሉ ገደሉን አይቶ ያውቀዋል። አንተ ደግሞ ስትወርድም ባዶህን አይደለህም፣ ድንች አለ። ስለዚህ መልሴ አብዛኛው ስለ ቁልቁለቱ ነው። ድሬ ላይ ፍሬንና የመኪና እግር ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከተሳቢ ጋር ተያይዞ ወደ እኔ የመጣ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ችግሩ የጀመረው ሲወርድ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ያ ተሳቢ ባዶውን ስንት ይመዝናል? ከወፍራም ብረት ከተሠራና የአሮጌው ፒክአፕ ዲፍሬንሻል አሁንም አክስሉ ውስጥ ካለ፣ 500 ኪሎ ቢወጣ አይገርመኝም። 20 ኩንታል ማለት 2000 ኪሎ ነው። ድምሩ 2500 ኪሎ። መኪናህ ራሷ ባዶዋን 1800 ኪሎ ገደማ ናት። ይህን ቆም ብለህ አስበው፤ ከኋላ የሚገፋህ ነገር ከምትነዳው መኪና ይከብዳል።

ሃይሉክስ "3500 ኪሎ ትጎትታለች" ሲባል ሰምተህ ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ እውነት ነው። የአንተ ዓይነት አሮጌ ሞዴል ግን ከዚያ በጣም ያንሳል፤ የራስህን ከመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አንብብ። ደግሞ መጽሐፉ ላይ ሁለት ቁጥር ነው የምታገኘው። ትልቁ ቁጥር የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የዚህ ክፍል ፒክአፖች ገደብ አብዛኛውን ጊዜ 750 ኪሎ ነው፣ የተሳቢውን የራሱን ክብደት ጨምሮ። የአንተ ተሳቢ ባዶውን 500 ከሆነ የቀረህ 250 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። አንተ ያሰብከው 20 ነው።

አቦ፣ እዚህ ላይ አትናደድብኝ። ቁጥሩን እኔ አላወጣሁትም፤ ምክንያቱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ሊገድለኝ ነበርና።

ከብዙ ዓመት በፊት ጄኔሬተር የጫነ ተሳቢ ይዤ ከሐረር ስመለስ ነው። ተሳቢው ፍሬን አልነበረውም። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ጀመርኩ፣ ምንም ከባድ አልመሰለኝም፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳርፌ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ከፊቴ የጭነት መኪና ስለነበር የሱ ነው ብዬ አለፍኩት። የሚቀጥለው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ለሰለሰብኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ወለል ነካ፣ ከእግሬ ስር ምንም የለም። ፔዳሉን ደጋግሜ እየመታሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ በግድ አስገብቼ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየሳብኩ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ጎማዬን ከትቼ ቆምኩ። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከቆምኩ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተመልሼ ፔዳሉን ስረግጠው እንደ አዲስ ጠንካራ ነበር። በማግስቱ ፈትቼ አየሁት። አንዲት ጠብታ ዘይት አልፈሰሰም። የተበጠሰ ነገር የለም።

የሆነው ይህ ነው። ፍሬን ስትይዝ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ነው የምትቀይረው። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረማያ 2000 አካባቢ። መኪናህና ተሳቢህ አንድ ላይ 4.5 ቶን ቢሆኑ ያን 800 ሜትር ሲወርዱ የሚያወጡት ጉልበት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የተወሰነውን ሞተሩ ይይዘዋል፣ ንፋስም ትንሽ ይወስዳል። የቀረው ሁሉ መዳፍህ በሚያክሉ ጥቂት ሸራዎች ላይ ነው የሚያርፈው። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የሰነበተው 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ሲረገጥ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይደርሳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ አረፋው ይጠፋና ምንም እንዳልተፈጠረ ይመስላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "ጋራዥ አሳይቼው ደህና ነው ተባልኩ" የሚለው።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ለተሳቢው ፍሬን አስገጥም። አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ። አክስሉ ከፒክአፕ የተነሳ ከሆነ ታምቡሩ (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት) እና የሸራ ማቀፊያው አሁንም እዚያው ላይ ሊኖር ይችላል፤ በያጁ አውልቆ ካልጣለው። ጎማውን አስፈትተህ እይ። ካለ፣ አዲስ ሸራ፣ ሸራውን የሚገፋው አዲስ ትንሽ የፍሬን ፓምፕ፣ አዲስ የዘይት ቱቦ ይፈልጋል።

ከዚያ ፍሬኑን ማን ያዘዋል የሚለው ይመጣል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በግፊት የሚይዘው ነው። መኪናህ ፍጥነት ስትቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፣ መጎተቻው (ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ብረት) ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ያ ግፊት የተሳቢውን ፍሬን ይጫናል። ቀላል ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ይህን ክፍል ግን ተሠርቶ የመጣ ግዛ እንጂ በያጅ እንዲፈለስፍልህ አትፍቀድ፤ የሚንሸራተት ብረት ከተነከሰ ወይ ጭራሽ አይዝም ወይ ይዞ አይለቅም። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፤ ታምቡሩ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ጋቢና ውስጥ ደግሞ መቆጣጠሪያ። ይኼኛው መኪናዋን ሳትነካ ተሳቢውን ብቻ እንድትይዝ ያስችልሃል። ለደንገጎ ዓይነት መንገድ እኔ ይህን እመርጣለሁ፣ ችግሩ ዕቃውን እዚህ ማግኘቱ ነው።

በግፊት የሚይዘውን ካስገጠምክ አንድ ነገር እወቅ፣ ብዙ ሰው አይነግርህም። ረጅም ቁልቁለት ላይ በማርሽ ስትይዝ ተሳቢው ሳያቋርጥ ይገፋሃል፣ ስለዚህ ፍሬኑ ሳያቋርጥ ይዞ ይወርዳል። የአንተ ፔዳል ቀዝቃዛ ሆኖ የተሳቢው ታምቡር ሊጨስ ይችላል። ስለዚህ መሀል ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ቁም። መዳፍህን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፣ አትንካው፣ ሙቀቱ ከሩቅ መዳፍህን ካገኘው እስኪበርድ ጠብቅ። ሩብ ሰዓት ነው የሚወስድብህ። ፍሬኑ ሲግል ውሃ አታፍስበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

የመኪናዋንም የፍሬን ዘይት በዶት 4 ቀይረው። ሌላው ሰው በሁለት ዓመት ቢቀይር አንተ በየዓመቱ ቀይር።

አሁን ወደ ጭነቱ እንምጣ፣ እዚህም ጋ ሰው ይሞታል። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሚዛን ነው። ጭነቱ ከጎማው ወደ ኋላ ካጋደለ መጎተቻው የመኪናህን ጀርባ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የኋላ ጎማህ መሬቱን በደንብ አይነክስም፣ ፍጥነት ስትጨምር ተሳቢው ጅራቱን ወዲያና ወዲህ መወርወር ይጀምራል። ደንገጎ ላይ ቀስ ስለምትል ላታየው ትችላለህ። ከሐረማያ ወደ አወዳይ ባለው ሜዳ ላይ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ንፋስ እያስነሳ አልፎህ ሲሄድ ነው የምታየው። ስለዚህ ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት 10 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 15 በመቶ መጎተቻው በሚያያዝበት የመኪናው መንጠቆ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ተሳቢህ ከነጭነቱ 1500 ኪሎ ከሆነ ኳሱ ላይ 150 ኪሎ ይፈልጋል። መኪናህ ኳሷ ላይ ስንት ትችላለች የሚለውም መጽሐፉ ላይ አለ፣ ከሱ አትለፍ።

በግምት አይሆንም፣ መዝነው። የእህል ነጋዴዎቹ ጋ ባስኩላ አለ። ተሳቢውን ጭነህ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርገህ፣ ከመኪናው ፍታና መጎተቻውን በእንጨት ደግፈህ ባስኩላው ላይ አሳርፈው፣ ከመኪናዋ ጋር ሲያያዝ በሚኖረው ከፍታ ልክ። ቁጥሩ ካነሰ ሁለት ጆንያ ወደ ፊት አምጣ፣ ከበዛ ወደ ኋላ ውሰድ። አንዴ ካገኘኸው በኋላ የተሳቢው ጎን ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፣ ጫኞቹ እዚያ ድረስ ይደርድሩ። ስታስጭን ከፊት ጀምር፣ ስታራግፍ ከኋላ ጀምር። የፊቱን ቀድመህ ካራገፍክ የቀረው ክብደት መጎተቻውን ወደ ሰማይ ያነሳዋል፤ ከመኪና ተፈትቶ ከሆነ የቆመውን ሰው አገጭ ይመታል። ይህ የሆነበት አንድ ወጣት ጫኝ አውቃለሁ፣ መንጋጋው ተሰብሮ ብዙ ጊዜ ተቸግሯል።

ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከመኪናህ የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ መሆኑንም አትርሳ። አራት ሰው ጋቢና፣ አምስት ኩንታል ኋላ፣ ከዚያ ላይ ተሳቢ ማለት ባሌስትራው ተገልብጦ የፊት መብራትህ ሰማይ ያያል፣ መሪህም ይቀላል።

ምናልባት ጅራቱን መወርወር ከጀመረስ? እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ። መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገህ ያዝ። ተሳቢውን በመሪ ልመልሰው ብለህ አትታገል፣ ፍሬን አትምታ፣ ነዳጅም አትጨምር። የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለህ ተሳቢውን ብቻ በእጅህ ያዘው፣ ከኋላ ሲጎተት ቀጥ ይላል። ሌላው እግር ማንሳትና መታገስ ነው። ከዚያ ቆመህ ጭነቱን ወደ ፊት አምጣ፤ "አሁን ተስተካክሏል" ብለህ አትቀጥል።

መንጠቆው የት ነው የተበየደው? ፓራውርት ላይ ከሆነ ዛሬውኑ አስነሳው። ፓራውርት ላሜራ ነው። መንጠቆ ሻንሲው ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ በጠንካራ ብሎን ነው የሚታሰረው። ኳሱና የተሳቢው አፍ ልካቸው አንድ መሆን አለበት፤ የ50 ሚሊሜትር ኳስ አለ፣ 2 ኢንች የሚባለው ደግሞ 50.8 ነው፣ ለዓይን አንድ ናቸው። 50ውን ኳስ ለ2 ኢንች የተሠራ አፍ ውስጥ ብታስገባው ይገባል፣ ይዘጋልም። ግን ልል ነው፣ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ሊወጣ ይችላል። ስታያይዝ ከዘጋኸው በኋላ መጎተቻውን በክሪክ ወደ ላይ ግፋው፤ የመኪናው ጀርባ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ሁለት ሰንሰለት ደግሞ ከመጎተቻው ስር አጠላልፈህ እሰር። አጠላልፍ የምልህ ኳሱ ቢወጣ መጎተቻው አስፋልት ላይ እንዳይሰካ ሰንሰለቶቹ እንደ አልጋ ጠፍር ተሸክመው እንዲይዙት ነው። ለመታጠፍ የሚበቃ ብቻ ልል ይሁን፣ መሬት አይጎተት።

ስለ መንዳቱ ብዙ የምልህ የለም፣ ደንገጎን አንተም ታውቀዋለህ። ስትወጣ ኤሲ አጥፋ፣ የሙቀት መለኪያውን ተመልከት። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ አትነሳ፣ ማለዳ ውጣ። መለኪያው ከወጣ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ሞተሩን ግን ወዲያው አታጥፋ፤ ማርሽ አውጥተህ ዝም ብሎ ይሥራ፣ ተርቦውም ይቀዝቅዝ። የራዲያተር ክዳን በጋለ ሞተር አትክፈት።

ስትወርድ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንስ። ሁለተኛ። መሀል ላይ ልቀንስ ብትል ፍጥነቱ ማርሹን አያስገባልህም፣ ማርሽ የሌለው መኪና ይዘህ ትቀራለህ። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ፤ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን አውርድ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፣ ሸራው ይተንፍስ፣ እንደገና ያዝ። ኋላህ ያለው ጡሩንባ ቢነፋ ይንፋ። ሰፊ ቦታ ስታገኝ ጥግ ይዘህ አሳልፈው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ የተሳቢው መብራት ነው የሚያድንህ፤ የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው ከመኪናዋ ጋር አብሮ መሥራቱን ከመነሳትህ በፊት አንድ ሰው ከኋላ አቁመህ አረጋግጥ።

ጎማ ላይም አንድ ቃል። ለተሳቢ ሰው ሁሌ አሮጌ ጎማ ነው የሚያስረው፣ ትልቅ ስህተት ነው። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ፈልግ። 3419 ካለ በፈረንጅ 2019 ዓ.ም. በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ካረጀ በድሬ ፀሐይ ጎኑ ይሰነጠቃል። ንፋሱን ጠዋት ሳይግል አስለካ፤ በጉዞ መሀል ግሎ ጨምሮ ስታየው እንዳታስተነፍሰው፣ የላላ ጎማ የበለጠ ይግላል። ኩሽኔታውን አስፈትተህ በአዲስ ግራሶ አስሞላ፣ አሮጌ አክስል ነው። ዳዶዎቹን ደግሞ መጀመሪያ ጉዞህ ላይ ሐረማያ ስትደርስ እንደገና አጥብቃቸው፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ይላላል።

ስለ ኢንሹራንስ አልጠየቅከኝም፣ ግን ልንገርህ። በያጅ የሠራውን ተሳቢ ይዘህ ከመውጣትህ በፊት ኢንሹራንስህ ይሸፍነው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ስለ ሰሌዳውና ስለ መንጃ ፈቃድህ ደረጃም ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ በል። አደጋ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

እኔ አንተን ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ፍሬን እስኪገጠም ድረስ ያ ተሳቢ ደንገጎን አያይም። ከተገጠመ በኋላ 10 ኩንታል እጭናለሁ፣ ከዚያ አልበልጥም፣ መጽሐፉ የበለጠ ቢፈቅድም። 20 ኩንታል ሲያስፈልገኝ ሁለቴ እመላለሳለሁ፣ ወይም ለዚያ ቀን ትንሹን አይሱዙ እከራያለሁ፤ ያ መኪና ለዚህ ነው የተሠራው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉዞዎች ሲሚንቶውን አድርሼ ባዶዬን እመለሳለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው እንዴት እንደሚገፋኝ እስክለምደው። ድንቹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ሁለት ቁጥር ላክልኝ። ተሳቢው ባዶውን ባስኩላ ላይ ስንት እንደወጣ፣ እና መኪናዋ መጽሐፍ ላይ ፍሬን ላለው ተሳቢ ምን ያህል እንደተጻፈ። ጎማውን ስታስፈታም የታምቡሩን ፎቶ ጨምርበት፤ ከምን መኪና እንደተነሳ ካየሁት የትኛው ሸራ እንደሚሆንለት እነግርሃለሁ።